ምን ይዘው መጡ?

እኔ በባሕርዬ ሰው ማድነቅ አይቀናኝም። ሰው ሲመሰገን ስሰማ «ቆይ እስኪ፣ ጓዳው ይታይ» የምል ነኝ። ባለቤቴ ፍቅርተማርያም «አንተን የሚያስደንቅ ሰው ገና አልተወለደም» ትለኛለች። ተወልዷል። እትዬ ገበያነሽ ትባላለች። በደርግ ዘመን አዋሳ ውስጥ፣ በቀበሌያችን አዳራሽ፣ ጧሪ ያጡ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ታበላ የነበረች ሴት ናት። እኔ ደግሞ የዚያው ቀበሌ የማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊ ነበርኩ። ያኔ ኃላፊ ማለት ማኅተም ያለው ሰው ማለት ነው። ማኅተሙ ነበረኝ፤ ልብ የሚባለው ነገር ግን ገና አልገዛሁም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በ1977 ክረምት ነው። አገሩ በድርቅ በተመታበት በዚያ ዓመት ለከተማው ረዳት የለሽ አዛውንት ጥቂት ስንዴ ተመደበና በእኛ ቀበሌ የአርባ ሦስት ሰው ስም ተመዘገበ። የእኔ እቅድ ቀላል ነበር፤ ለእያንዳንዱ በየወሩ አሥር አሥር ኪሎ እያስፈረሙ መስጠት። በስብሰባው ላይ የሴቶች ማኅበርን ወክላ የተቀመጠችው እትዬ ገበያነሽ እጇን አወጣች።

«ጓድ ሞገስ፣ ስንዴውን ጥሬውን ነው የምትሰጧቸው?» አለች።

«አዎ፤ እንዴት እንዲሆን ፈልገሽ ነበር?»

«ወፍጮ ቤት ማን ይሸከምላቸው? ማን ያቡካላቸው? በምን እንጨት ይጋግሩት? አብዛኞቹ እኮ ጥርስ እንኳን የላቸውም። ለእኔ ስጡኝና አብስዬ ላብላቸው።»

ሊቀመንበሩ ሥራ የቀነሰለት መስሎት ወዲያው እሺ አለ። እኔ ግን አስፈርሞ መስጠቱ ስለቀረብኝ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር።

እትዬ ገበያነሽ ያን ጊዜ ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ ይጠጋ ነበር። የወላይታ ሰው ናት፤ ጴንጤ ናት። የምትጸልይበት ቤት ከታሸገ ዓመታት አልፈውታል፤ ምዕመናኑ ለሠርግና ለልቅሶ ያበስሉበት የነበረው ትልቁ ብረት ድስት ግን እሷ ቤት ቀርቶ ነበር። ያንን ድስት በጋሪ አስጭና አመጣችና ከአዳራሻችን ጓሮ ሦስት ድንጋይ ላይ ጎለተችው። ምግቡ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ይቀርባል ተባለ። ረቡዕና ዓርብ ጾመኞቹ እንዳይቸገሩ ብላ ቀኖቹን የመረጠችው እሷው ናት። እሷ ራሷ እነዚያን ጾሞች አትጾምም።

በመጀመሪያው ማክሰኞ ስምንት ሰው ብቻ መጣ። ሌላው አፍሮ ቤቱ ተቀመጠ። እኔ «እንግዲህ ካልፈለጉ ምን እናድርግ» ብዬ መዝገቤን ስዘጋ፣ እትዬ ገበያነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ቤት ለቤት ዞረች። ምን እንዳለቻቸው በኋላ ቤታቸው ከቀሩት አንዷ ከነበሩት ከእማማ ጫልቱ ሰማሁ። «እማማ፣ ስንዴ አግኝቼ ጨው አጣሁ። እርስዎ ቤት ትንሽ ጨው ይኖር ይሆን?» ነው ያለቻቸው። በነጋታው አይደለም፣ በሐሙሱ እማማ ጫልቱ በወረቀት የተጠቀለለች አንድ ጭብጥ ጨው ይዘው መጡ። ጨው ያዋጣ ሰው እንግዳ አይደለም። ተቀምጠው በሉ፤ ደግሞም ጨው አነሰው ብለው ተቆጡ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሕግ ሆነ። ባዶ እጁን የሚገባ የለም። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል መረብ ሲጠግኑ የሚውሉት አቶ ኩማ ሁለት ቆሮሶ ዓሣ በሣር ሰክተው ያመጣሉ። አንዱ ራስ ሽንኩርት፣ ሌላዋ ከጓሮዋ የቀነጠሰችውን ጎመን ይዛ ትመጣለች። ዓይነ ስውሯ እማማ ወርቅነሽ ምንም የላቸውም፤ «ጣቶቼን ይዤ መጥቻለሁ» ብለው ይቀመጡና ምስር ይለቅማሉ። ዓይን ያለው የሚያልፈውን ጠጠር እሳቸው በጣታቸው ያገኙታል።

እትዬ ገበያነሽ በሩ ላይ ቆማ፣ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ፣ በሁለት እጇ ትቀበላለች። «እግዜር ይስጥልኝ፤ እሱ ነበር የጎደለኝ» ትላለች። ለሁለት ዓሣም ይህንኑ ነው የምትለው፤ ለአንዲት ቃሪያም ይህንኑ። ከዚያ ባለቤቱ ዓይኑ እያየ ያመጣውን ድስቱ ውስጥ ትጨምረዋለች። ሰውየውም ሲበላ የራሱን ሽንኩርት እየፈለገ ይበላል። አንድ ቀን ሁለት ሽማግሌዎች ሾርባውን ያጣፈጠው የማን ቃሪያ እንደሆነ ሲከራከሩ ሰምቻቸዋለሁ። ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም።

እኔም ኃላፊ ነኝና አንድ ሐሙስ ሥራውን ልጎበኝ ሄድኩ። የዓሣ ሾርባው ሽታ ከመንገድ ይጠራል። የስንዴ ቂንጬው በትልቅ ሳፋ ተደርጎ ይጨሳል። ልገባ ስል እትዬ ገበያነሽ ጭልፋዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«ጓድ፣ ምን ይዘው መጡ?» አለችኝ። አንቱ ስትለኝ ነገር እንዳለ አውቃለሁ።

«ስንዴውን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ስንዴው የመንግሥት ነው። እርስዎስ?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እማማ ወርቅነሽ እንኳን በማያየው ዓይናቸው ወደ እኔ ዞረው ሳቁብኝ። ቢሮ ሰው እንደሚጠብቀኝ ተናግሬ፣ ሆዴ እየጮኸ ወጣሁ። ዛሬ ሳስታውሰው ያስቀኛል፤ ያን ቀን ግን ደሜ ፈልቶ ነበር። በኋላ ላደረግሁት ነገር ምክንያቱ አዘኔታ ብቻ ነበር ብል እዋሻለሁ። ይህችም ቂም ነበረችበት።

ከሚመጡት መካከል ጋሽ ገብረጻድቅ የሚባሉ፣ ፒያሳ ላይ ልብስ ሰፊ የነበሩ ሰው ነበሩ። የሠርጌን ሱፍ የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸው፣ ዓይናቸው ከመርፌ ጋር ተጣልቶ፣ የስፌት መኪናቸውን ሸጠው በልተዋል። ያከራዩዋት የነበረችው ሁለት ክፍል ቤት በአዋጅ ተወርሳለች፤ ኪራይዋን የሚሰበስበው የእኛው ቀበሌ ነው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው ዘምቶ ደብዳቤው ከተቋረጠ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እንዲህም ሆነው ከረባት ሳያስሩ ከቤት አይወጡም። ኩራት እራታቸው ነው ይባልላቸው ነበር። እኔ ይህ አባባል እንዲያው ለጨዋታ የሚባል ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ገብረጻድቅ ሁልጊዜ የሚያመጡት አንድ እንጨት ነው። በአንድ እጃቸው ምርኩዛቸውን፣ በሌላው ክንድ የሚያህል ደረቅ እንጨት ይዘው፣ የኮታቸውን ቁልፍ ሁሉ ቆልፈው ይመጣሉ። «ለእሳቱ» ይላሉ። እትዬ ገበያነሽ እጅ ነስታ ትቀበልና ወዲያው ትማግደዋለች። እሳቸውም ነበልባሉ እስኪይዘው ቆመው አይተው ነው የሚገቡት። እንጨቱን ከየት እንደሚያመጡት የጠየቀ ሰው አልነበረም።

በጥቅምት 1978 ጎረቤታቸው በላይነህ ቢሮዬ መጣ። «ሽማግሌው አጥራቸውን እየነቀሉ ጨረሱት። የሰፈሩ ዶሮ በሙሉ በእኔ ግቢ ሆነ» አለኝ። ሄጄ አየሁ። እውነት ነው፤ የእንጨት አጥሩ አንድ በአንድ ተነቅሎ እንደ ሽማግሌ አፍ ወላልቋል። ገባኝ። ሰውዬው ምሳቸውን የሚበሉት አጥራቸውን እየነቀሉ ነው።

አዘንኩ። ማዘኔ እውነት ነበር። ግን ሰው ሲያዝን ዝም ብሎ ቢያዝን ምን አለበት? ማኅተም ያለው ሰው ሲያዝን ማስታወቂያ ይጽፋል። አዳራሹ በር ላይ እንዲህ የሚል ወረቀት ለጠፍኩ፤

«በቀበሌያችን ለምትገኙ ጧሪ የሌላችሁ ችግረኛ አዛውንት በሙሉ። ምግቡ በነፃ የሚታደል ስለሆነ ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም ችግረኛ ምንም ዓይነት ነገር ይዞ መምጣት የማይፈቀድለት መሆኑን እናስታውቃለን።»

ማኅተሜን መታሁበት። በዚያ አላበቃሁም። ከቀበሌው ግምጃ ቤት ሽቦና የብረት ቋሚ አስወጥቼ የጋሽ ገብረጻድቅን ግቢ ዙሪያውን በሽቦ አሳጠርኩት። ከአሮጌው አጥር የተረፈውን እንጨት አስነቅዬ፣ አንድ ጋሪ ሙሉ የቀበሌ እንጨት ጨምሬበት፣ ለእትዬ ገበያነሽ ላክሁላት። «ጋሼ፣ ይኸው ግቢዎ እንደ አዲስ ሆነ፤ ከእንግዲህ በእንጨት አይቸገሩም» አልኳቸው። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኑኝ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእኔ ነበር፤ ያን ቀን ግን እያፏጨሁ ነው ወደ ቢሮዬ የተመለስኩት።

ማክሰኞ ከአርባ ሦስቱ አሥራ ዘጠኙ መጡ። ሐሙስ አሥራ አንድ። የመጡትም እጃቸውን የሚያደርጉበት ጠፍቷቸው በሩ ላይ ይቆሙና፣ ገብተው ሳያወሩ በልተው፣ አፋቸውን ሳይጠርጉ ይወጣሉ። አቶ ኩማ ዓሣቸውን ይዘው መጥተው ነበር፤ ወረቀቱን የሚያነብላቸው ሰው አገኙና ዓሣውን እንዳንጠለጠሉ ወደ አሞራ ገደል ተመለሱ። ጋሽ ገብረጻድቅ ሁለቱንም ቀን አልመጡም።

ድስቱ ከግማሽ በላይ ተርፎ ሳይ ተናደድኩ። «እትዬ፣ ምን ነካቸው? የሚያመጡት ነገር እኮ ለድስቱ ምንም አይጨምርም ነበር። አንዲት ጭብጥ ጨው ምን ታደርጋለች? እንጨቱንም እህሉንም ቀበሌው ሰጥቷል» አልኳት።

ጭልፋዋን ድስቱ አፍ ላይ አጋድማ አየችኝ። «እኔ ለጨው ብዬ ይመስልዎታል?»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«እዚህ ቤት ችግረኛ የሚባል ሰው አልነበረም። ጽፈው በር ላይ የለጠፉት እርስዎ ነዎት።»

ተሸነፍኩ ማለት አልፈለግሁም። «ሲርባቸው ይመጣሉ» ብዬ ወጣሁ። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። መልሼ ብውጣት ደስ ባለኝ።

በማግሥቱ ዓርብ ጠዋት እማማ ጫልቱ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ከጋሽ ገብረጻድቅ ጋር አንድ መንገድ ላይ ነው የሚኖሩት። «ገብረጻድቅ ከእሑድ ወዲህ ደጅ ሲወጡ አላየሁም። ከቤታቸው ጭስ አይወጣም። አንተ ልጅ፣ ሂድና እያቸው» አሉኝ።

ቤቴ ሄጄ ፍቅርተማርያም የሠራችውን የጾም ሽሮና እንጀራ በሳህን ሸፍኜ ይዤ ሄድኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ከረባታቸውን አስረዋል፤ የሸሚዛቸው ኮሌታ ግን አንገታቸው ላይ ሰፍቶ ተንጠልጥሏል። ሁለት እጃቸውን ምርኩዛቸው ላይ ጭነው «ግባ፣ ግባ» አሉኝ። ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ የሽቦ አልጋ፣ አንድ የቆርቆሮ ሣጥንና አንድ የብረት ወንበር ነው። ወንበሩን ለእኔ ሰጥተው እሳቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሳህኑን ገልጬ ሣጥኑ ላይ አስቀመጥኩ። ወደ እሱ አላዩም።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይቅመሱ። የጾም ነው።»

«ሱፍህ እንዴት ነው? አሁንም ልክህ ነው?» አሉኝ።

«ወገቡ ጠቦኛል።»

«እንደሚጠብህ አውቄ ውስጡ ትርፍ ጨርቅ ትቼልሃለሁ። አስፈትተህ አስሰፋው።»

«ጋሼ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል።»

«ሞገስ፣ አንተ ደግ ልጅ ነህ» አሉ። «እኔ ሃምሳ ዓመት በመርፌዬ ነው እንጀራ የበላሁት። እንዲያው ስጡኝ ብዬ አላውቅም። ገበያነሽ ጋ ስሄድ እንጨት ይዤ ነበር። ያቺ እንጨት ባትነድ ድስቱ አይፈላም እል ነበር። ሞኝነት ነው፤ አውቃለሁ። ግን እንደዚያ እያልኩ ነበር የምጎርሰው።» ምርኩዛቸውን መሬቱ ላይ አዞሩት። «አሁን ማስታወቂያው ወጥቷል። ለአጥሩ ባላመሰግንህ ነውር ነው። ይህን ግን መልሰህ ውሰድልኝ፤ ለባለቤትህም እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ።»

ለመንኳቸው። ተቆጣሁም። ሳህኑን እዚያው ትቼ ልሄድ ብል «እንዳታስቀይመኝ» አሉኝ፤ አነሳሁት። ሊሸኙኝ ብድግ ሲሉ ጉልበታቸው ከዳቸው። ያዝኳቸው። ኮታቸው ውስጥ ክንድ የለም ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ ፈራሁ። ሽማግሌ ሲሞት ከዚያ በፊት አይቻለሁ፤ በእኔ ማኅተም ሲሞት ግን አላየሁም። እኚህ ሰው በዚህ ሳምንት ይሞታሉ፣ የገደልኳቸውም እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ በቀጥታ አዳራሹ ሄጄ ወረቀቱን ቀደድኩት። እትዬ ገበያነሽን ጓሮ ድስቷን ስታሽ አገኘኋትና ሁሉንም ነገርኳት፤ የአጥሩን፣ የሽቦውን፣ የሳህኑን። ላለቅስ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

«ወረቀቱን ቀድጄዋለሁ» አልኳት።

«ወረቀትማ ይቀደዳል። ያነበቡትን ግን ከልባቸው አታወጣውም» አለችኝ። በሩ ላይ ከመለሰችኝ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ አንተ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

ድስቷን አሽታ ጨረሰች። ከዚያ እጇን ታጠበችና «ነገ ጠዋት እንጨት አልቆብኛል ልላቸው ነው» አለች።

«እንጨት እኮ ሞልቷል። ይኸው ግድግዳውን የሚያህል ክምር።»

«ችግሩ እሱ ነው። እኔ አልዋሽም፤ ጌታዬ አይወድም። ስለዚህ አንተ እውነት አድርግልኝ።»

«ምኑን?»

«ይህን እንጨት በሙሉ መልሰህ ውሰድና ግምጃ ቤት ቆልፍበት። አንዲት ስንጥር እንዳትቀር። ቁልፉንም አታሳየኝ።»

ጋሪ ብፈልግ አጣሁ። ያን ዓርብ ከሰዓት የማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊው እንጨት ተሸክሞ ሲመላለስ ያየው የሰፈር ሰው ምን እንዳለ እሱ ይወቅ። ሊቀመንበሩ በመስኮት አይቶኝ «ጓድ ሞገስ፣ ምን እየሠራህ ነው?» ቢለኝ «እውነት እያደረግሁ ነው» ብዬው አለፍኩ። ትከሻዬ ተላጠ። ስጨርስ እትዬ ገበያነሽ ጓሮውን በመጥረጊያ ጠረገችና የተራረፈውን ስንጥር በእፍኟ አምጥታ «ይህንንም» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ድስቱን በውሃ ሞልታ ቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ ጣደችው። ለእማማ ጫልቱ «እሳት አላነደድኩም፤ እንጨት የለኝም» አለቻቸው። ለእማማ ጫልቱ የተነገረ ወሬ በሬዲዮ ከተነገረ አይተናነስም። ከዚያ እኔን አስከትላ ወደ ጋሽ ገብረጻድቅ ቤት ሄደች። አልገባችም፤ ደጃፉ ላይ ቆማ ተጣራች።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ድስቱን ጥጄ እንጨት አጣሁ።»

ጋሽ ገብረጻድቅ አልጋው ላይ እንደተቀመጡ ወደ እኔ አዩ። «ቀበሌው ሰጥቶሽ የለም ወይ?»

«መልሶ ወሰደው» አለች።

መሬት መሬት አየሁ። ትከሻዬ ምስክር ነው፤ ቃሏ እውነት ነበር።

«አንዲትም የለሽ?»

«ስንጥር የለኝም ጋሼ። ስንዴው ጥሬውን ተቀምጧል፤ ሰዉ በስድስት ሰዓት ይመጣል። እሳቱን ሁልጊዜ የሚያስነሳልኝ የእርስዎ እንጨት ነበር።»

ቀና አሉ። በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሱና በሩ ላይ ቆመው ግቢያቸውን ተመለከቱ። እኔ በደግነቴ ያሳጠርኩት ሽቦ በጠዋት ፀሐይ ያብረቀርቃል። አንዲት እንጨት የለችም። ወደ ውስጥ ዞረው አልጋውን አዩ፣ ወንበሩን አዩ። ሁሉም ብረት ነው። ብዙ ቆሙ። ከዚያ አንድ እጃቸውን መቃኑ ላይ አሳርፈው ምርኩዛቸውን አነሱ። የወይራ ምርኩዝ ነው፤ እጀታው በስንት ዓመት የእጃቸው ወዝ ጠቁሯል።

«ይኸውልሽ፣ ለእሳቱ» አሏት። «ወይራ ነው፤ ቶሎ ይይዛል።»

«እትዬ» ብዬ አፌን ስከፍት በዓይኗ ዘጋችኝ። ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፤ እሱ ነበር የጎደለኝ። በስድስት ሰዓት እጠብቅዎታለሁ፤ እንዳያረፍዱ» አለችና ወደኋላ ሳትዞር ሄደች።

ጨካኝ ሴት ናት አልኩ በልቤ። የሽማግሌ ምርኩዝ ይማገዳል? ይቅርብዎ ብትላቸው ምን አለበት? በሩ ላይ ከቆሙት ሰውዬ ፊት ላይ ግን መልሱን አየሁት። በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ደስ ብሏቸው ነበር። ይቅርብዎ ብትላቸው ኖሮ የእኔን ማስታወቂያ ዳግመኛ መለጠፏ ነበር። ያን ጊዜ ነው ገበያነሽን ያደነቅኋት፤ እስከ ዛሬም አላቆምኩም።

ጋሽ ገብረጻድቅ ፊታቸውን ታጠቡ። ከረባታቸውን ፈትተው እንደገና አሰሩ። ሊወጡ ሲሉ ቀኝ እጃቸው በልማድ ምርኩዙን ፍለጋ ወደ በሩ ጥግ ሄደና ባዶ አየር ጨበጠ። ክንዴን አቀበልኳቸው። ያዙት።

መንገዱ ለእኔ አምስት ደቂቃ አይሞላም፤ ያን ቀን ሦስት ጊዜ አርፈን ነው የደረስነው። በግራ ትከሻዬ ተደግፈው፣ በተላጠው በኩል፣ «ይህ ትከሻህ ዝቅ ያለ ነው፤ ሱፉን ስሰፋ ጥጥ ጨምሬ ነው ያስተካከልኩልህ። አላወቅህም» አሉኝ። አላወቅሁም ነበር። በሠርጌ ቀን ቀጥ ብዬ የቆምኩት በራሴ ይመስለኝ ነበር።

ከአዳራሹ ጓሮ ጭስ ሲወጣ ከሩቅ አዩና እርምጃቸው ፈጠነ። የእማማ ጫልቱ ወሬ ሥራውን ሠርቷል። አንዱ የተሰበረ የመጥረጊያ እጀታ፣ ሌላው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ አንዷ አሮጌ ወንፊት ይዘው መጥተዋል። አቶ ኩማ ሦስት ቆሮሶ አንጠልጥለው ከሰው ሁሉ ፊት ቆመዋል። ጋሽ ገብረጻድቅ መጀመሪያ ወደ ጓሮው ውሰደኝ አሉኝ። ምርኩዛቸው ከእሳቱ መካከል ነው፤ እጀታው ብቻ ሳይነድ ወጥቶ ይታያል። ድስቱ ይፈላል። አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና «እንግባ» አሉ።

እትዬ ገበያነሽ በሩ ላይ ጭልፋዋን ይዛ ቆማለች። «ጋሼ፣ ይግቡ፤ ቦታዎን ይዘንልዎታል» አለች። አብሬ ልገባ ስል ጭልፋዋ ፊቴ ላይ ተጋረጠች።

«ጓድ፣ እርስዎስ? ምን ይዘው መጡ?»

እጆቼን አየሁ። አንዱ ባዶ ነው። ሌላው ሽማግሌ ይዟል። የቀበሌውን ማኅተም በኪሴ አስታወስኩና አፈርኩ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይጠብቃል፤ እማማ ወርቅነሽ እንኳን ምስር መልቀማቸውን አቁመዋል።

ጋሽ ገብረጻድቅ ናቸው የመለሱት። «ምን ማለትሽ ነው ገበያነሽ?» አሉ። «አይታይሽም እንዴ? እኔን ይዞ መጥቷል።»

ጭልፋዋን ዝቅ አደረገች። ጉልበቷን ሸብረክ አደረገችና የሽማግሌውን እጅ ከክንዴ ላይ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ ሞገስ» አለችኝ። «እሳቸው ነበሩ የጎደሉን።»

ገባሁና ተቀመጥኩ። እንጨት ያላገኘውም ባዶ እጄን አልሄድም ብሎ የቻለውን ይዞ መጥቶ ስለነበር፣ ዘጠኝ ሰው ጨው አምጥቶ ኖሯል። እትዬ ገበያነሽም ማንንም ሳትመልስ የሁሉንም ድስቱ ውስጥ ጨምራዋለች። ሾርባው አፍ ያቃጥላል። ጋሽ ገብረጻድቅ ሁለት ሳህን በሉ። እኔም ሳህኔን ጠርጌ በልቼ ቀኑን ሙሉ ውሃ ስጠጣ ዋልኩ።